ቹፉና ሻንዶንግ፦ የኮንፊሽየስ ቅርስ ዛሬ የሚኖረው የት ነው?

ወለላ ጻፈች፦

ሰላም ለሁላችሁ። እኔ የምማረው ጂናን ነው፤ የቻይናዋ የሻንዶንግ ክፍለ ሀገር ዋና ከተማ። ከዚህ ተነስቶ ቹፉ ለመድረስ በፈጣን ባቡር ብዙም አይቆይም። የጥንቱ ቻይናዊ ፈላስፋ ኮንፊሽየስ ያስተማረባትና የተቀበረባት ትንሽ ከተማ ናት። ሰሞኑን ከክፍሌ ልጆች ጋር ደርሼ መጣሁ፤ ከዚያ ወዲህ አንድ ጥያቄ እየከነከነኝ ነው። እዚህ ታሪክ የሚያውቁም ቻይና የኖሩም ስላሉ ነው ማካፈሌ። ዓመቶቹንም ቀኖቹንም በፈረንጆቹ አቆጣጠር እንጻፍ።

ቹፉ ውስጥ ሰው የሚያየው ሦስት ነገር ነው፦ ቤተ መቅደሱን፣ የዘሮቹን መኖሪያ ግቢና የቤተሰቡን መቃብር። ሦስቱም በ1994 በዩኔስኮ ተመዝግበዋል። ቤተ መቅደሱ ከጫፍ እስከ ጫፍ ከአንድ ኪሎ ሜትር ያልፋል። ከበር ወደ በር፣ ከግቢ ወደ ግቢ እያለፋችሁ ነው ዋናው አዳራሽ የምትደርሱት። አዳራሹ ፊት ለፊት 10 የድንጋይ ምሰሶዎች ቆመዋል። በእያንዳንዱ ምሰሶ ላይ ሁለት ሁለት ድራጎኖች ተጠምጥመዋል። ቅርጹ ጠልቆ ስለተፈለፈለ ጣት ከድራጎኑ ጀርባ ሊገባ ምንም አይቀረው። ንጉሠ ነገሥቱ ለመሥዋዕት ሲመጣ ምሰሶዎቹን በቀይ ሐር ይሸፍኗቸው ነበር ይባላል። የእሱ ቤተ መንግሥት እንኳ እንዲህ ያለ ስለሌለው እንዳይቀናባቸው ነው።

እኔን ያስቆመኝ ግን መቃብሩ ነው። ትልቅ ደን ነው። ከ100,000 በላይ የኮንግ ቤተሰብ፣ ማለትም የኮንፊሽየስ ዘሮች፣ መቃብሮች አሉበት። የኮንፊሽየስ መቃብር ሣር የበቀለበት የአፈር ጉብታ ሲሆን ከፊቱ የድንጋይ ሐውልት ቆሟል። ሐውልቱን ቀረብ ብላችሁ ስታዩት የተሰባበረ ነው። ቁርጥራጮቹ ተገጣጥመው እንደገና እንደተተከሉ ያስታውቃል። በ1966 ነው የተሰበረው፤ የሰበሩትም ቻይናውያን ወጣቶች ናቸው። ዛሬ ደግሞ እዚያው ሐውልት ፊት የትምህርት ቤት ልጆች ተሰልፈው ሲሰግዱ አየሁ።

ጥያቄዬ ይኼ ነው። የገዛ ልጆቹ የሰባበሩት ቅርስ መልሶ ሲቆም፣ የቆመው ያው የድሮው ነው? ሻንዶንግ ውስጥ ኮንፊሽየስ ዛሬ በእውነት የሚኖረው የት ነው? ቤተ መቅደሱ ውስጥ ነው ወይስ ሌላ ቦታ?

የጓንዡ ነጋዴ ጻፈ፦

ወለላ፣ ጥሩ ጥያቄ ነው። የእኔ መልስ ግን አያስደስትሽ ይሆናል። እኔ ቻይና የኖርኩት በንግድ ነው። ያየሁትን ልንገርሽ። መንግሥት ሲፈልገው ያወጣዋል፣ ሳይፈልገው ይቀብረዋል። በ1970ዎቹ መጀመሪያ በመላ አገሪቱ ኮንፊሽየስን የሚያወግዝ ዘመቻ ነበር። በ2013 ደግሞ ሺ ጂንፒንግ ራሱ ቹፉ ድረስ ሄዶ ስለ ኮንፊሽየስ የተጻፉ መጻሕፍትን አንስቶ አየ፤ በጥሞና አነባቸዋለሁም አለ። ሰውየው ያው ነው፤ የተለወጠው የፖለቲካው ነፋስ ነው። መስከረም 28 ቀን ለልደቱ የሚደረገው ሥነ ሥርዓት፣ ልብሱ፣ ከበሮው፣ ጭፈራው፣ ለእኔ የመንግሥትና የቱሪዝም ጉዳይ ነው። ቅርሱ አለ፤ ግን ሕዝቡ ጋ ነው ለማለት ይከብደኛል።

ጡረተኛው መምህር ጻፉ፦

ልጆቼ፣ ነጋዴው ያነሳው ነጥብ ትልቅ ነው። ግን ታሪኩን ከሥሩ ካላየነው ከመንግሥት ጋር ያለው ነገር የትናንት ይመስለናል። እኔ ታሪክ ሳስተምር ነው የኖርኩት፤ ትንሽ ልበል።

ኮንፊሽየስ የተወለደው ከክርስቶስ ልደት በፊት በ551 ነው። ያኔ ቻይና አንድ አገር አልነበረችም። የዛሬው ሻንዶንግ ውስጥ እንኳ ብዙ መንግሥታት ነበሩ። ትልቆቹ ሁለት ናቸው፦ ቺ እና ሉ። ቺ ወደ ባሕሩ ያለው ነው፤ ጨውና ዓሣ ያበለጸገው፣ ዋና ከተማው ሊንዚ የሆነ ኃይለኛ አገር። ሉ ደካማ ነበር፤ ነገር ግን የጥንቱን የዦውን ቤተ መንግሥት ሥርዓትና መጻሕፍት ጠብቆ ያቆየው እሱ ነው። ኮንፊሽየስ የሉ ልጅ ነው። አባቱ ወታደር ነበር፤ ልጁ ገና ሦስት ዓመቱ ሳለ ሞተ። እናቱ በድህነት አሳደገችው። ወጣት ሳለ የእህል ጎተራ መዝገብ ያዥ ነበር፤ ከብትም ጠብቋል።

በኋላ ሉ ውስጥ ሹመት አገኘ። አልሆነለትም። ወደ 55 ዓመቱ ገደማ አገሩን ጥሎ ወጣ። 14 ዓመት ያህል ከንጉሥ ወደ ንጉሥ ዞረ፤ ምክሩን የሚሰማ አላገኘም። አንድ ጊዜ ቼንና ካይ በሚባሉ አገሮች መካከል ስንቁ አልቆ ደቀ መዛሙርቱ ከረሃብ የተነሳ መነሳት አቅቷቸው ነበር። ሲመለስ ሽማግሌ ነው። ልጁ ቀድሞት ሞተ፤ ከሁሉ አብልጦ የሚወደው ተማሪው ያን ሁዪም ሞተ። በ479 እሱም አለፈ። ስለዚህ ነጋዴው ልጄ፣ ሰውየው በሕይወቱ ሳለ መንግሥት የጣለው ሰው ነው። ይኼን አትርሳ።

የያዙት ተማሪዎቹ ናቸው። መቃብሩ ዘንድ እንደ አባት ልጅ ሆነው ሦስት ሦስት ዓመት ሐዘን ተቀመጡ። ዚጎንግ የሚባለው፣ ነጋዴም ዲፕሎማትም የነበረው፣ ሌሎቹ ሲሄዱ ሌላ ሦስት ዓመት ጨመረ። ጎጆ ቀልሶ ስድስት ዓመት እዚያው ኖረ። ወለላ፣ ከመቃብሩ አጠገብ ትንሽ ቤት አላየሽም? ያ የዚጎንግ ጎጆ መታሰቢያ ነው።

ከዚያ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ213 የቺን ንጉሠ ነገሥት መጻሕፍት ይቃጠሉ ብሎ አዘዘ። ከኮንፊሽየስ ዘሮች አንዱ መጻሕፍቱን ቤቱ ግድግዳ ውስጥ ደብቆ አሰነበተ። ይኼን አስቡት፤ ግድግዳ ውስጥ! ከብዙ ዓመት በኋላ የሃን ዘመን ልዑል ቤተ መንግሥቱን ሊያሰፋ የኮንግን ቤት ሲያፈርስ መጻሕፍቱ በጥንታዊ ፊደል ተጽፈው ተገኙ። ዛሬ ቤተ መቅደሱ ውስጥ ለዚያ ግድግዳ መታሰቢያ አለ። በዘመኑ የነበረው መንግሥት አቃጣይ ነበር፤ ያዳነው ቤተሰብ ነው።

መንግሥት እጁን የዘረጋው ከዚያ ወዲህ ነው። የሃን ሥርወ መንግሥት መሥራች ከገበሬ የተነሳ ሰው ነው። ሊቃውንት ሲመጡበት ቆባቸውን ነጥቆ ሽንቱን ይሸናበት እንደነበር የታሪክ ጸሐፊው ሲማ ቺየን ጽፏል። ያው ሰውዬ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ195 ቹፉ መጥቶ ለኮንፊሽየስ መሥዋዕት አቀረበ። አገር መውረር በፈረስ፣ አገር መያዝ ግን በሥርዓት መሆኑ ገብቶት ነው። ከዚያ በኋላ ለመሾም የኮንፊሽየስን መጻሕፍት ማወቅ ግድ ሆነ። በፈተና የመሾሙ ልማድ 1,300 ዓመት ያህል ዘልቆ በ1905 ቆመ።

ሲልቨር ስፕሪንግ ጻፈች፦

መምህር፣ ጤና ይስጥልኝ። የጻፉትን በደስታ አነበብኩት። ግን አንድ ነገር ሳልናገር አላልፍም። የኮንግን ቤተሰብ እንደ ግፉዕ ብቻ ማየት ልክ አይመስለኝም። በ1055 የሶንግ ንጉሠ ነገሥት ለኮንፊሽየስ የበኩር ዘር የመስፍንነት ማዕረግ ሰጠ። ማዕረጉ ከአባት ወደ ልጅ እየወረደ እስከ 1935 ዘለቀ። ወደ 900 ዓመት ገደማ ነው! እነዚህ መሳፍንት ሰፊ መሬት ነበራቸው። ጭሰኞች ነበሯቸው። ግቢያቸው ውስጥ የራሳቸው ችሎት ነበራቸው። ሥርወ መንግሥት ሲለወጥ ለአዲሱ ገዢ እየሰገዱ ማዕረጋቸውን አስጠበቁ፤ ለሞንጎሎችም ለማንቹዎችም። የቹፉ ገበሬ ስለ ኮንፊሽየስ የሚያውቀው ምናልባት የሚገብርለትን ጌታ ስም ነበር።

ሴቶቹስ? የቤተሰቡ የዘር መዝገብ ሴት ልጅን አይጽፍም ነበር። ደቀ መዛሙርቱ የኮንፊሽየስን ቃል የሰበሰቡበት መጽሐፍ ውስጥ፣ «ሴቶችና ትንንሽ ሰዎች ለመያዝ ያስቸግራሉ» የሚል አለ። ባሏ የሞተባት ሴት እንዳታገባ፣ ልጅ ለአባት እንዳይመልስ፣ ታናሽ ለታላቅ አንገቱን እንዲደፋ የተደረገው በዚህ ስም ነው። የ1919 ወጣቶች «የኮንግ ቤት ሱቅ ይፍረስ» ሲሉ የሚሉበት ምክንያት ነበራቸው። እኔ ሐውልት ይሰበር አልልም። ግን ንዴቱ ከየት እንደመጣ ሳናውቅ «የገዛ ልጆቹ ሰበሩት» ብለን ማዘን ብቻ አይበቃም።

ወለላ ጻፈች፦

ሲልቨር እህቴ፣ ልክ ነሽ። መኖሪያ ግቢውን ሳይ እኔም የተሰማኝ ይኼው ነው። ሁለት ነገር ልንገርሽ።

አንደኛ፣ ወደ ውስጠኛው ግቢ፣ ሴቶቹ ወደሚኖሩበት፣ የውጭ ወንድ መግባት ክልክል ነበር። ውኃ ቀጂው እንኳ አይገባም። ታዲያ ውኃው እንዴት ይግባ? ግድግዳው ላይ የድንጋይ ገንዳ አለ። ቀጂው ከውጭ ሆኖ ውኃውን እዚያ ያፈሳል፤ ውኃው በግድግዳው ቀዳዳ ወደ ውስጥ ይወርዳል፤ ከውስጥ ያሉት ይቀበሉታል። ገንዳው አሁንም አለ። እዚያ ቆሜ ከግድግዳው ወዲያ ማዶ ዕድሜያቸውን የጨረሱትን ሴቶች ነበር የማስበው።

ሁለተኛው ከውስጠኛው በር ጀርባ ያለው ሥዕል ነው። አንድ አውሬ ተሥሏል። እግሩ ሥር ሀብት ሁሉ ተከምሮለታል፤ እሱ ግን አፉን ከፍቶ ፀሐይን ሊውጥ ያንጋጥጣል። የስግብግብነት ምልክት ነው። መስፍኑ ከቤቱ ሲወጣ ሥዕሉን እንዲያይ ነው እዚያ የተደረገው፦ እንዳትስገበገብ፣ እንደዚህ እንዳትሆን። አንቺ ያልሽውን ያውቁት ነበር ማለት ነው። ሀብቱ እንደሚያበላሻቸው ስለሚያውቁ ነው በር ላይ የሳሉት።

ስለ ዘር መዝገቡ ደግሞ፣ በ2009 የወጣው አዲሱ መዝገብ ሴቶችን ለመጀመሪያ ጊዜ አካትቷል። ከ2 ሚሊዮን በላይ ስም ነው፤ 80 ቅጽ። ዘግይቷል፤ ግን ገብተዋል።

የጉለሌ ልጅ ጻፈ፦

እኔ ቻይንኛ የጀመርኩት አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ካለው የኮንፊሽየስ ኢንስቲትዩት ነው። ስሙን በየቀኑ በር ላይ እያነበብኩ ነው ስለ ሰውየው ለማወቅ የጓጓሁት። መምህር ስለ ተማሪዎቹ ሲጽፉ ትዝ ያለኝን ልናገር። ኮንፊሽየስ «የደረቀ ሥጋ ጥቅል ይዞ የመጣውን ሁሉ ሳላስተምር አልመለስኩም» ይላል። ክፍያው ያ ብቻ ነው። የጌታ ልጅ የድሃ ልጅ አይልም። ያን ሁዪ የሚኖረው በጠባብ ሰፈር ነበር፤ አንድ ሳህን ሩዝና አንድ ቅል ውኃ ነበር ያለው። የእኛ የቆሎ ተማሪ ነው በሉት። መምህሩ ከሁሉ ያከበረው እሱን ነው። እኔ ይኼ ነው የሚነካኝ። መስፍኑም ማዕረጉም በኋላ የመጣ ነው።

ጥያቄ ግን አለኝ፦ 1919 እና 1966 አንድ ናቸው? ሁለቱም ኮንፊሽየስን የመቱ ናቸው፤ ግን ሲልቨር እንዳለችው የመጀመሪያው ምክንያት ያለው ይመስላል። የሚያውቅ ያስረዳን።

ማህደር ጻፈ፦

የጉለሌው ወንድሜ፣ ይኼ እኔ የማጠናው ነገር ስለሆነ ትንሽ ልረዝም ነው። ሁለቱ አንድ አይደሉም። የ1919ኙ ታሪክ ደግሞ ራሱ የሻንዶንግ ታሪክ ነው።

በ1897 ሻንዶንግ ውስጥ ሁለት ጀርመናውያን ሚስዮናውያን ተገደሉ። ጀርመን ይኼን ምክንያት አድርጋ የባሕር ኃይሏን ላከችና የጂያኦዦውን የባሕር ወሽመጥ ያዘች። በቀጣዩ ዓመት ለ99 ዓመት ተከራየሁ የሚል ውል አስፈረመች። ቺንግዳኦ ከተማ የተሠራው ያኔ ነው፤ ዛሬ በዓለም የሚታወቀው ቢራም በ1903 እዚያ ነው የተጀመረው። ውርደቱና የሚስዮናውያኑ ጉዳይ ተደምሮ ቦክሰሮች የተባሉት ዓመፀኞች መጀመሪያ የተነሱት ከሻንዶንግ ነው።

አንደኛው የዓለም ጦርነት ሲመጣ ጃፓን በ1914 ቺንግዳኦን ከጀርመን ነጠቀች። ቻይና ደግሞ ጦር ባትልክም ሠራተኛ ላከች። ወደ 140,000 የሚጠጉ ቻይናውያን ፈረንሳይና ቤልጅየም ሄደው ምሽግ ቆፈሩ፣ ጥይት አወረዱ፣ ባቡር ሐዲድ ጠገኑ፣ ሬሳ ቀበሩ። አብዛኞቹ የሻንዶንግ ገበሬዎች ናቸው። ቻይና አሰበች፦ ይኼን ያህል ከሠራን፣ ጦርነቱ ሲያልቅ ሻንዶንግ ይመለስልናል። በ1919 ቬርሳይ ላይ ኃያላኑ ተሰብስበው የጀርመንን መብት ለጃፓን ሰጡት። ልጆቻቸው የፈረንጅን ምሽግ ሲቆፍሩ የሰነበቱ ሰዎች አገራቸው ለሌላ ተላለፈ።

ግንቦት 4 ቀን የቤጂንግ ተማሪዎች አደባባይ ወጡ። ቁጣው መጀመሪያ በጃፓንና በተላላኪ ባለሥልጣናት ላይ ነበር። ከዚያ ወደ ውስጥ ዞረ። እንዲህ የተዋረድነው ለምንድን ነው? ደካማ ያደረገን ምንድን ነው? ብዙዎቹ «አሮጌው ሥርዓት ነው፣ ኮንፊሽየስ ነው» ብለው መለሱ። ሻንዶንግን ለማዳን የወጣ እንቅስቃሴ በሻንዶንጉ ሰው ላይ ተነሳ። እኔ ባጠናሁት ታሪክ ውስጥ ከዚህ የበለጠ ልብ የሚሰብር መገጣጠም አላውቅም። ሆኖም የ1919ኙ ሰዎች ይጽፉ ነበር፣ ይከራከሩ ነበር። ኮንፊሽየስን ጠንቅቀው አንብበውት ነው የነቀፉት። ሻንዶንግም በ1922 ተመለሰ።

1966 ሌላ ነው። በኅዳር ወር ከቤጂንግ መምህራን ዩኒቨርሲቲ ቀይ ዘበኞች፣ ማለትም የማኦ የባህል አብዮት ወጣቶች፣ ቹፉ ገቡ። ቦታው በ1961 በአገር ደረጃ እንዲጠበቅ ታውጆ የመንግሥት ሐውልት ተተክሎለት ነበር፤ መጀመሪያ ከሰባበሩት አንዱ ያን ሐውልት ነው። የኮንፊሽየስን ምስል ከአዳራሹ አውጥተው በከተማው ውስጥ አዞሩትና አቃጠሉት። የመቃብሩን ጉብታ ቆፈሩት። የ76ኛው ትውልድ መስፍን አስከሬን ወጣ። ከ6,000 በላይ ቅርሶች ጠፉ። እዚህ ክርክር የለም፣ ንባብ የለም። ሲልቨር ያነሳችው ንዴት የገበሬው ንዴት ነው፤ ይኼን ያደረጉት ግን ከዋና ከተማ የመጡ ተማሪዎች ናቸው። የበኩሩ ዘር፣ 77ኛው ትውልድ፣ ያኔ ታይዋን ነበር፤ እዚያው በ2008 አረፈ።

የጓንዡ ነጋዴ ጻፈ፦

ማህደር፣ እግዜር ይስጥህ። የሠራተኞቹን ነገር በፍጹም አላውቅም ነበር። ግን ያልኩት ያው ነው። በ1966 ያስፈረሰው ፖለቲካ ነው፣ በኋላ ያሠራውም ፖለቲካ ነው። የወለላ ጥያቄ ገና አልተመለሰም።

ያንታይ ጻፈ፦

እኔ ልሞክረው። ያንታይ ነው የሠራሁት፤ ሻንዶንግ ሆኖ በባሕሩ በኩል ያለ ከተማ። ቤተ መቅደሱን ትታችሁ ምግብ ጠረጴዛ ላይ ተቀመጡ፤ መልሱ እዚያ አለ።

ሻንዶንግ ውስጥ ክብ ጠረጴዛ ላይ ዝም ብሎ መቀመጥ የለም። ዋናው ጋባዥ በሩን ፊት ለፊት እያየ ይቀመጣል። በቀኙ ዋናው እንግዳ፣ በግራው ሁለተኛው እንግዳ። ሁለተኛው ጋባዥ ደግሞ ጀርባውን ለበሩ ሰጥቶ ከዋናው ትይዩ ይቀመጣል፤ ሂሳቡንም አስተናጋጁንም የሚከታተለው እሱ ነው። ዓሣ ሲቀርብ ጭንቅላቱ ወደ ዋናው እንግዳ ይዞራል። እሱ ሳያነሳ ማንም አያነሳም። ብርጭቆ ስታጋጩ የታናሹ ብርጭቆ አፍ ከታላቁ ዝቅ ይላል። መጀመሪያ ሰሞን ግራ ተጋብቼ ቆሜ ቀርቼ አውቃለሁ፤ ከዚያ አንድ አዛውንት የሥራ ባልደረባዬ እጄን ይዘው አስቀመጡኝ። ይኼን ማንም ካድሬ አላስተማራቸውም። እናቶቻቸው ናቸው ያስተማሯቸው።

በባህላዊው አዲስ ዓመት ደግሞ አንድ ጓደኛዬ ገጠር ቤተሰቦቹ ጋ ወሰደኝ። ሌሊት ገና ሳይነጋ ሰዉ በቡድን በቡድን ሆኖ ይወጣል። ወንዶቹ ለብቻ፣ ያገቡት ሴቶች ለብቻ። ቤት ለቤት እየዞሩ ሽማግሌዎቹ ፊት ተንበርክከው ይሰግዳሉ። ብርዱ አጥንት ይሰብራል። መሬቱ ላይ ምንጣፍ ተነጥፏል። አያት ወንበር ላይ ቁጭ ብለው «ይበቃል፣ ተነሱ ተነሱ» ይላሉ፤ ማንም አይሰማቸውም። ሌላው የቻይና ክፍል ይኼ ነገር ቀርቷል ወይም እየቀረ ነው። ሻንዶንግ ገጠር ግን አለ። 1966ም አላጠፋውም።

ሲልቨር፣ የአንቺም ነጥብ እዚያው ጠረጴዛ ላይ አለ። በአንዳንድ ገጠር ቤት እንግዳ ሲመጣ ሴቶቹ ማድ ቤት እየሠሩ ቆይተው በኋላ ነው የሚበሉት። ወጣቶቹ ይኼን አይቀበሉም፤ ቻይናውያን ኢንተርኔት ላይ በየአዲስ ዓመቱ ይከራከሩበታል። ቅርሱ በሕይወት ስላለ ነው ጭቅጭቁም ያልቆመው።

ሲልቨር ስፕሪንግ ጻፈች፦

ያንታይ ወንድሜ፣ ይኼ አሳመነኝ፤ ማለቴ አለ የሚለው። መልካም ነው የሚለው ላይ ግን ገና ነኝ። አንድ ነገር ልጠይቅ፦ ይኼ ሁሉ መስገድ ሰውን ለባለሥልጣን እንዲሰግድ አያለማምደውም? ንጉሦቹ የወደዱት ለዚህ አይደለም?

ጡረተኛው መምህር ጻፉ፦

ልጄ፣ ከቹፉ በስተ ደቡብ ብዙም ሳይርቅ ዞውቼንግ የሚባል ከተማ አለ። የሜንሺየስ አገር ነው። ኮንፊሽየስ ከሞተ ከመቶ ዓመት በኋላ የተወለደ፣ ከዚያው ትምህርት የወጣ ሰው ነው፤ የተማረውም ከኮንፊሽየስ የልጅ ልጅ ተማሪዎች ነው ይባላል። የሱም ቤተ መቅደስ እዚያ አለ። ጎብኚ ቹፉን አይቶ ስለሚመለስ ጸጥ ያለ ነው።

ሜንሺየስ እንዲህ ብሏል፦ «ከሁሉ የሚበልጠው ሕዝቡ ነው፤ ቀጥሎ የአገሩ መሠዊያ፤ ንጉሡ የመጨረሻው ነው።» ንጉሥ ሹማምንቱን እንደ አፈርና ሣር ካያቸው ሹማምንቱም እንደ ሽፍታና ጠላት ያዩታል ብሏል። የጥንቱ ጨካኝ ንጉሥ የተገደለበትን ታሪክ ጠቅሰው «ንጉሥ መግደል ይፈቀዳል?» ብለው ሲጠይቁት፣ «አንድ ወሮበላ መገደሉን ነው የሰማሁት፤ ንጉሥ መገደሉን አልሰማሁም» አለ።

የሚንግ ሥርወ መንግሥት መሥራች ይኼን ሲያነብ ተቆጣ። የሜንሺየስን ስም ከኮንፊሽየስ ቤተ መቅደስ አስወጣ። ሊቃውንት ተቃወሙት፤ መለሰው። አልረካም። በ1394 መጽሐፉን አስቆረጠ፤ 85 አንቀጾች ተቆርጠው ወጡ። ለፈተና የሚጠናው የተቆረጠው ሆነ። እሱ ከሞተ በኋላ ግን ሙሉው መጽሐፍ ተመለሰ። ዛሬ የምናነበው ሙሉውን ነው።

ስለዚህ ንጉሦቹ የወደዱት ግማሹን ነው። ሌላውን ግማሽ ሊያጠፉት ሞክረዋል። እኔ ኮንፊሽየስን የማከብረው ለሁለተኛው ግማሽ ነው። በረት ሲቃጠል «ሰው ተጎዳ ወይ?» ብሎ ጠየቀ፤ ስለ ፈረሶቹ አልጠየቀም ይላል መጽሐፉ። ፈረስ በዚያ ዘመን ከባሪያ ይወደድ ነበር።

ወለላ ጻፈች፦

መምህር፣ እናመሰግናለን፤ ዕድሜ ይስጥልን። እኔ የያንታይንና የእርስዎን ሳነብ መልሴን ያገኘሁ ይመስለኛል። ነጋዴው ልክ ነው፣ ቤተ መቅደሱን የሚከፍተውና የሚዘጋው መንግሥት ነው። ግን ግድግዳ ውስጥ መጽሐፍ የደበቀው፣ መቃብር ዘንድ ስድስት ዓመት የተቀመጠው፣ ሌሊት ተነስቶ አያቱ ፊት የሚንበረከከው መንግሥት አይደለም። ሐውልቱ የተሰባበረም ቢሆን ያው የድሮው ነው ብዬ አምናለሁ፤ ያቆየው ሌላ ነገር ስለሆነ።

ለመምጣት ላሰባችሁ፦ ባቡሩ የሚያቆመው ቹፉ ምሥራቅ ጣቢያ ነው፤ የቤጂንግ–ሻንጋይ መስመር ላይ። ጣቢያው ከአሮጌው ከተማ ስለሚርቅ አውቶቡስ ወይም ታክሲ ያስፈልጋል። ቤተ መቅደሱና መኖሪያ ግቢው ጎን ለጎን ናቸው። መቃብሩ በስተ ሰሜን ነው፤ በእግር ይኬዳል። ጊዜ ካላችሁ ያው መስመር ላይ፣ ከጂናን ስትመጡ ቀድሞ ታይአን አለ፤ የታይ ተራራ እዚያ ነው። ኮንፊሽየስ ወጥቶበት ዓለም አነሰችበት ይላሉ፤ ሜንሺየስ ነው የጻፈው። ወደ 7,000 ደረጃ ገደማ ስለሆነ ጥሩ ጫማ አድርጉ።

ሲልቨር ስፕሪንግ ጻፈች፦

ወለላ፣ በሚቀጥለው ክረምት ቤጂንግ ለስብሰባ እመጣለሁ። ከቻልኩ እወርዳለሁ። ግን መጀመሪያ የምሄደው ዞውቼንግ ነው፤ የሜንሺየስ ቦታ። ከቹፉ እንዴት ነው የሚኬደው?

ወለላ ጻፈች፦

ከቹፉ አውቶቡስ አለ፤ ቅርብ ነው። ቀኑን ብቻ ቀደም ብለሽ ንገሪኝ፤ አብረን እንሄዳለን። እኔም ዞውቼንግን አላየሁትም።